የድሮው የቀርከሃ ዘንግ ወይስ አዲሱ ካርቦን?

ጣና ዳር በዘንግ ዓሣ ማጥመድ ካማራችሁ የቆየ የቀርከሃ ዘንግ ገዝታችሁ ታድሳላችሁ፣ ወይም አዲስ የካርቦን ዘንግ ትገዛላችሁ።

የድሮው ዘንግ እንዲሁ ተቆርጦ የመጣ ቀርከሃ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ 6 ስንጥቆች በሙጫ ተጣብቀው የተሠራ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ዓይን ጨፍናችሁ ከእጀታው ወደ ጫፉ ተመልከቱ። ትንሽ ከተጣመመ በለስላሳ ሙቀት ይቃናል። ስንጥቆቹ ከተላቀቁ ግን በነፃም ቢሰጧችሁ ይቅር። አሮጌውን ቫርኒሽ ቀስ ብላችሁ ፋቁት። በብርጭቆ ወረቀት አትጨክኑበት፤ የዘንጉ ጉልበት ያለው በቀርከሃው የውጭ ቃጫ ላይ ነው። ከዚያ የመንጠቆው ገመድ የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች በሐር ክር መልሶ ማሰር፣ ስስ ቫርኒሽ መቀባት፣ ደግሞ መጠበቅ። ችኩል ሰው ባይጀምረው ይሻላል።

ካርቦኑ ቀላል ነው፤ እርጥበትም አያስጨንቀውም። ከጀልባ ላይ ትልቅ አምባዛ ለሚጎትት እሱ ያዋጣል። ብቻ የኤሌክትሪክ መስመር ሥር አታንሱት፣ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

ለቆሮሶ (ቲላፒያ) ግን እኔ ቀርከሃውን እመርጣለሁ። ዝግ ብሎ ይታጠፋል፣ የዓሣውን እያንዳንዱን ንቅናቄ መዳፍ ላይ ያደርሰዋል። እርጥቡን ቦርሳ ውስጥ አትዝጉበት እንጂ ዕድሜው ረጅም ነው። ነሐሴና መስከረም ላይ ነጭ ዓሣው ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ሲወጣ ደግሞ ሁለቱም ዘንጎች ይሰቀሉ።