ለግንባታ ቦታ ሬዲዮ፦ ትልቁ ሣጥን ወይስ ባለ ኖኪያ ባትሪዋ ትንሿ?

ለግንባታ ቦታ ሬዲዮ የሚገዛ ሰው ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ የሚያደርገው ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ማዳመጥ ነው። ሚክሰርና ቫይብሬተር እየጮኹ የሚሰማ ነገር ስለሚፈልግ አይፈረድበትም። እኔ ግን ከድምፁ በፊት ሁለት ነገር ይጠየቅ እላለሁ፤ የትኛውን ሞገድ ይይዛል? ባትሪው ሲያልቅስ በምን ይተካል?

በጎጃም የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ኤፍ ኤም እንደ ዓይን ነው፤ ጋራ ከጋረደው አያይም። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወረድ፣ ወይም በጮቄ ተራራ ሥር ባሉ ሸለቆዎች ሲሠራ፣ ከተማ ውስጥ ጥርት ብሎ ይሰማ የነበረው ጣቢያ ይጠፋል። መካከለኛ ሞገድ ግን መሬቱን ተከትሎ ይመጣል፤ አጭር ሞገድም ከሰማይ ተንጸባርቆ ይወርዳል።

ማኪታ፣ ዲዋልትና ቦሽ ለግንባታ ሠራተኛ የሚያዘጋጁት ትልቁ ሬዲዮ የሚሠራው በድሪሉ ባትሪ ነው። ባለ 18 ቮልትና 5 አምፔር ሰዓት የሆነው ባትሪ 90 ዋት ሰዓት ኃይል ይይዛል። በትንንሾቹ የቻይና ሬዲዮዎች ውስጥ የሚገባው የኖኪያ ስልክ ባትሪ ወደ 4 ዋት ሰዓት ብቻ ነው። ልዩነቱ ከሃያ እጥፍ በላይ መሆኑ ነው፤ ትንሿ የምትፈልገው ኃይልም በዚያው ልክ ትንሽ ስለሆነ ግን በመጠነኛ ድምፅ ሰዓታትን ታገለግላለች። አንዱ ኩባንያ የሠራው ባትሪ የሌላው ሬዲዮ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ በቦታው ያለው ድሪል ማኪታ ከሆነ ሬዲዮውም ማኪታ ይሁን። ባለባትሪ ድሪል ጨርሶ ከሌለ ደግሞ ለሬዲዮ ብሎ ባትሪና ቻርጀር መግዛት ለእኔ አይዋጥልኝም።

ከውጭ በሰው እጅ የሚመጡትን በጥንቃቄ ይዩ። ለአውሮፓ ከተሠሩት ብዙዎቹ ኤፍ ኤምና ዳብ የተባለውን ዲጂታል ስርጭት ብቻ ይይዛሉ፤ መካከለኛ ሞገድ የላቸውም፤ ዳብ ደግሞ እኛ ዘንድ ፋይዳ የለውም። ለአሜሪካ የተሠራው የ120 ቮልት ብቻ ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ላይ ይቃጠላል። መካከለኛ ሞገዱም በ10 ኪሎ ኸርዝ እየዘለለ ስለሚሄድ፣ በ9 የተከፋፈለውን የእኛን ስርጭት በትክክል አያገኘውም፤ 873 ላይ ያለውን ጣቢያ ሲፈልጉ 870 ላይ ይቆማል። ቁልፉ በእጅ የሚዞረው ተራ ሬዲዮ ይህ ችግር የለበትም።

ስለ አቧራ ከራሴ ልናገር። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ሕንፃ ስንሠራ የሰቀልኳት ሬዲዮ አንድ ክረምት እንኳ አልጨረሰችም። የሲሚንቶው ብናኝ በድምፅ መጨመሪያው ገባ፣ እርጥበት አገኘውና ውስጧ ደረቀ። ከዚያ ወዲህ አይፒ የሚለውን ቁጥር ሳላይ አልገዛም። የመጀመሪያው አኃዝ የአቧራ፣ ሁለተኛው የውኃ ነው። አይፒ 54 የተወሰነ አቧራና ፍንጥቅጣቂ ይችላል፤ አይፒ 65 አቧራ ፈጽሞ አያስገባም፣ በቱቦ የሚረጭ ውኃም አይጎዳውም። ለሰኔና ሐምሌ ዝናብ እኔ ከ64 በታች አልወርድም። ትንንሾቹ ይህ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የላቸውም፤ በላስቲክ ጠቅልሎ መስቀል ግድ ነው።

እንግዲህ ባሕር ዳር ወይም ቡሬ ከተማ ውስጥ፣ መብራት ባለበት፣ ባለባትሪ መሣሪያ ይዞ ሕንፃ ለሚሠራ ትልቁን ሣጥን እመርጣለሁ፤ ወድቆም ይነሣል። መንገድ፣ ድልድይ ወይም የመስኖ ቦይ ለሚሠራ ግን ሦስቱንም ሞገድ የምትይዘውን ትንሿን፣ ከሁለት ትርፍ ባትሪ ጋር። አናቷ ላይ ያለው የፀሐይ ሰሌዳ ትንሽ ያግዛል እንጂ ብቻውን አይበቃም፤ ለእሱ ብለው ዋጋ አይጨምሩ።

የትኛውንም ቢገዙ ከቆርቆሮ መጋዘኑ ውጭ፣ ከብየዳና ከጀነሬተር ርቆ ይሰቀል፤ መካከለኛ ሞገድን የሚያንጫጫው እነሱ ናቸው። ኤፍ ኤም ሲደክም አንቴናውን፣ መካከለኛ ሞገድ ሲደክም ግን ሬዲዮውን ራሱን ያዙሩት፤ የዚህኛው አንቴና ውስጡ ነው። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ከሆነም ሥራ በክረምት ሲቆም ድንጋዩን አውጥተው ለብቻው ያስቀምጡ፤ አፍስሶ መገናኛውን ይበላዋል።