ባለ 8 ኢንች ዶብሶኒያን ቴሌስኮፕ፦ ለግዙፎቹ ጋላክሲዎች ይበቃል?

ስለዚህ ዓይነት ቴሌስኮፕ የሚጻፈው አብዛኛው አስተያየት ስለ ጨረቃና ስለ ሳተርን ቀለበት ነው። እኔ የገዛሁት ለሌላ ጉዳይ ነው። በጋላክሲ ክላስተሮች መሃል የተቀመጡትን ግዙፎች በገዛ ዓይኔ ማየት ፈልጌ ነበር። ክላስተር ማለት በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ የሚቆጠሩ ጋላክሲዎች በስበት ተሳስረው አብረው የሚኖሩበት ነው። መሃሉ ላይ ብዙ ጊዜ ሌሎቹን ሁሉ የሚያስንቅ አንድ ጋላክሲ ይገኛል። በዚህ ዕቃ ሁለት ሚያዝያ አሳልፌበታለሁ። የምመዝነውም በዚሁ ብቻ ነው።

ዕቃው ቀላል ነው። 200 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መስታወት፣ ቆሞ ደረቴ ድረስ የሚደርስ ቱቦ፣ ከሥር የሚሽከረከር የእንጨት ሳጥን። ሞተር የለውም። ኮምፒውተርም የለውም። ገፋ ስታደርጉት ይዞራል። ስሙን ያገኘው ከጆን ዶብሰን ነው። ሰውየው ከአሮጌ የመርከብ መስኮት መስታወት ሳይቀር ቴሌስኮፕ እየሠራ፣ መንገድ ዳር ለአላፊ አግዳሚው ሰማይ ያሳይ ነበር። ደብዛዛ ጋላክሲ የሚፈልገው ብርሃን የሚሰበስብ ሰፊ መስታወት ነው፤ እዚህ ዕቃ ላይ ገንዘባችሁ የሚውለውም እሱው ላይ ነው።

መጀመሪያ የፈለግኩት በሰንቡላ (ቪርጎ) ክላስተር መሃል የተቀመጠውን ግዙፍ ጋላክሲ፣ ኤም 87ን ነበር። ቦታው አሰድና ሰንቡላ በሚባሉት የኮከብ ስብስቦች መካከል ነው። ከአሰድ ጅራት ጫፍ ተነስቼ ቱቦውን ቀስ እያልኩ ወደ ሰንቡላ ገፋሁት። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ከጎኑ ያለችውን ትንሿን ማነጣጠሪያ ቀን ላይ፣ ራቅ ባለ ምሰሶ አስተካክዬ መምጣት ነበረብኝ። እናንተ እንዳትረሱ።

አገኘሁት። በ25 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ 48 ጊዜ ጎልቶ የታየኝ ክብ ጭጋግ ነው። መስታወት ላይ ተንፍሳችሁ፣ ትንፋሹ ሊጠፋ ሲል የሚቀረውን ዓይነት። መሃሉ ደመቅ ይላል። ዳሩ የት እንደሚያልቅ ግን አይታወቅም። ስታፈጡበት ይከስማል፤ ዓይናችሁን ትንሽ ወደ ጎን ስታደርጉ መልሶ ይሰፋል። ጥቁር ጨርቅ ራሴ ላይ ጣል አድርጌ ሃያ ደቂቃ ቆየሁበት። በመጨረሻ መጀመሪያ ካየሁት እጥፍ ሆኖ ታየኝ። ያ ብርሃን ጉዞ የጀመረው ከ54 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው።

«ይሄው ነው?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ እንደ እኛው ጋላክሲ እንደ ሚልኪ ዌይ የተጠማዘዘ ክንድ የለውም። ለምን እንደሌለው ማወቅ ግን ለእኔ የምሽቱ ግማሽ ደስታ ነው።

እንዲህ ያለ ጋላክሲ መጀመሪያ የሚያድገው በጥድፊያ ነው። ዩኒቨርስ ገና ልጅ ሳለ ጋዝ ወደ አንድ ቦታ ይጎርፋል፤ የመሃሉ ከዋክብት አብዛኞቹ ያኔ ይወለዳሉ። ከዚያ ወዲያ ግን ዋናው እድገት ሌሎችን በመዋጥ ነው። በክላስተሩ ውስጥ የሚጓዝ ጋላክሲ ያለፈበትን ቁስ በስበቱ ከኋላው ያከማቻል። ያ ክምችት ደግሞ መልሶ ይጎትተዋል። ፍጥነቱን ይነጠቃል፣ እየዞረ ወደ መሃል ይሰምጣል። ይህን ጉተታ የፊዚክስ ሊቁ ቻንድራሴካር እ.ኤ.አ. በ1943 በስሌት አሳይቶታል። ከባዱ ቶሎ ይሰምጣል፤ ቀላሉ ቢሊዮን ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ተራዎቹ ጋላክሲዎች እርስ በርስ ብዙም አይዋሃዱም፤ በሰከንድ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ እየተወረወሩ ስለሚተላለፉ ፋታ የላቸውም። የሚጠቀመው መሃል የተቀመጠው ነው። የተዋጠው ጋላክሲ ክንዱም ቅርጹም ይፈርሳል፣ ከዋክብቱ በየአቅጣጫው ይበተናሉ። ያ ዳሩ የማይታወቅ ጭጋግ በአብዛኛው የእነሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ተመራማሪዎች የ300 ያህል ፕላኔተሪ ኔቡላዎችን (እየሞቱ ያሉ ከዋክብት የሚተፏቸውን የጋዝ ቅርፊቶች) እንቅስቃሴ ለክተው፣ ኤም 87 ባለፈው አንድ ቢሊዮን ዓመት ውስጥ አንድ መካከለኛ ጋላክሲ መዋጡን አሳይተዋል።

ጨረሩን ግን አላየሁትም። ከመሃሉ ብላክ ሆል የሚወጣውንና 5,000 የብርሃን ዓመት ገደማ የሚረዝመውን ማለቴ ነው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ሂበር ከርቲስ እ.ኤ.አ. በ1918 በፎቶ ያየው እሱን ነው። ሥራው ትልቅ ነው፦ ክላስተሩን የሞላው ትኩስ ጋዝ በርዶ ወደ መሃል ወርዶ አዲስ ኮከብ እንዳይሆን ያሞቀዋል። እሱን አያለሁ ብላችሁ ይህን ቴሌስኮፕ አትግዙ።

የዚሁ ክላስተር ጋላክሲዎች የሆኑት ኤም 84ና ኤም 86 ግን በአንድ ሌንስ አብረው ይገባሉ። እዚህ ላይ ዕቃው ያስደስታል። አብዛኞቹ ጋላክሲዎች ከእኛ ሲርቁ ኤም 86 በሰከንድ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ እኛ ይመጣል። በክላስተሩ ስበት ተስቦ ወደ ውስጥ እየወደቀ ስለሆነ ነው። የጋላክሲ እድገት ሥራ ላይ እያለ ማየት ለፈለገ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ቅሬታም አለኝ። አብሮ የመጣው 10 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጠባብ ነው፤ ዓይን ያደክማል። የእኔው ሲደርሰኝ ከመስታወቱ ማስተካከያ ብሎኖች አንዱ ላልቶ ነበር። ሻጩ መልስ የሰጠኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ራሴ በመፍቻ አጥብቄ ጨርሼዋለሁ። በመኪና በተጓዘ ቁጥር መስታወቱን ማስተካከል ግዴታ ነው። ጨረቃ ባለችበት ወይም የከተማ መብራት በበዛበት ሌሊት ደግሞ ድካሙን ተዉት።

ፈተናው የኮማ ክላስተር ነበር። 320 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ፍሪትዝ ዝዊኪ እ.ኤ.አ. በ1933 የማይታይ ቁስ እንዳለ የጠረጠረው የዚህን ክላስተር ጋላክሲዎች ፍጥነት አይቶ ነው። መሃሉ ላይ ሁለት ግዙፎች አሉ፣ ኤንጂሲ 4889 እና ኤንጂሲ 4874። ሁለት መሆናቸው ክላስተሩ ራሱ ከሌላ ክላስተር ጋር መዋሃዱን ይጠቁማል። የመጀመሪያው ዓመት ምንም አላየሁም። ዘንድሮ ሌንሱን በተሻለ ቀየርኩ፣ 120 ጊዜ አጉልቼ ጠበቅኩ። አንዷ መጣች። ቆይቶ ሁለተኛዋ ከጎኗ ብቅ አለች፣ ጠፋች፣ ደግማ መጣች። ደብተሬ ላይ ሁለት ነጥብ አኑሬ ሰዓቱን ጻፍኩ፦ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ20።