በደብረ ማርቆስ ያደርሁበት የእንግዳ ማረፊያ

በደብረ ማርቆስ፣ ከአዲስ አበባው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ ባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ሁለት ሌሊት አደርሁ። ክፍሉ ንጹሕ፣ ብርድ ልብሱ የከተማዋን ብርድ የሚችል፣ የጠዋቱ ፍርፍርም ቅቤ ያልተቆጠበበት ነበር። የሚያነጋግረው በበሩ ጀርባ የተለጠፈው ደንብ ነው። ሲጋራ ማጨስ መከልከሉን ያለ ቅሬታ ተቀበልሁ፤ የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1112 ስለሚከለክለው ብቻ ሳይሆን፣ ጭስ ወደ ጎረቤት ሳንባ ሲገባ ፈቃድ ስለማይጠይቅ ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ሙዚቃ ከፍ አድርጎ መክፈት መከልከሉም እንዲሁ ተገቢ ነው። ነገር ግን የጽዳት ሠራተኛዋ ሳታንኳኳ በትርፍ ቁልፍ ከፍታ መግባቷ፣ ይባስ ብሎም የእንግዳ ተቀባዩ «ለእርስዎ ደኅንነት ሲባል ነው» ማለቱ አልተዋጠልኝም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበር እንዲገደብ የሚፈቅደው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና በዝርዝር ሕግ ብቻ ነው፤ አንሶላ መቀየር ከዚያ ውስጥ የሚገባ አይመስለኝም። ሥራ አስኪያጁ በትሕትና ይቅርታ ጠይቀውኛል። ቤቱን ለወዳጆቼ እጠቁማለሁ፣ መወርወሪያውን ከውስጥ እንዲዘጉ ግን አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ።