አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፦ ዘጠኝ ወር ከተጨማሪው የነዳጅ ፓምፕ ጋር

ዊይይይይ... ድምፁ በፊደል ሲጻፍ ይህን ይመስላል። ቀጭን ነው። ከኋላ ኮፈን ይመጣል። ሬዲዮ ብከፍት አይሸፈንም፤ ማርሽ ብቀይር አይቀየርም። አራት ኪሎ መብራት ላይ ስቆም ከጎኔ ያለው የሚኒባስ ረዳት አንገቱን አውጥቶ ጎማዬን ያያል። ዘጠኝ ወር ይህን ድምፅ ይዤ ዞርኩ። ያውም ከፍዬበት።

መኪናዋ ሱባሩ ኢምፕሬዛ ቱርቦ ናት። በፈረንጅ የ1999 ስሪት፣ ባለ 2 ሊትር። ከፋብሪካ ስትወጣ 218 የፈረስ ጉልበት ነበራት። እስካሁን ጥቂት ፈረሶች መንገድ ላይ ሳይቀሩ አይቀሩም። ጎረቤቴ የኤሌክትሪክ መኪና ይዟል፤ ማታ ግቢው ውስጥ ይሰካታል፣ ጠዋት ኮሽታ ሳታሰማ ትወጣለች። «ሽጣትና ተገላገል» ይለኛል። የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ግን የእሷን ምትክ ከየት አመጣለሁ? ያለችኝን ልንከባከብ ብዬ ነው እዚህ ወጪ ውስጥ የገባሁት።

«ቱርቦ ለአዲስ አበባ ቅንጦት ነው» የሚሉኝም አሉ። አይደለም። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው የተቀመጠችው። አየሩ ከባህር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ጉልበቱን ሩብ ያህል አስረክቦ ነው የሚሮጠው። ቱርቦ ግን የሳሳውን አየር ጨምቆ ያስገባል። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ልዩነቱን ወገብ ያውቀዋል።

ችግሩ የጀመረውም እዚያው ዳገት ላይ ነው። በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ስረግጥ፣ በደቂቃ 5,000 ዙር ስታልፍ ትቆራረጥ ጀመር። ሳል የያዘው ሰው ነው የምትመስለው። ያየ ሁሉ «ነዳጅ እያነሳት ነው» አለ። ልክ ነበሩ። ቀጣዩን ጥያቄ ግን ማንም አልጠየቀም፤ እኔም ጭምር። ለምን አነሳት?

ሻጩ መልሱን በካርቶን አድርጎ ሰጠኝ። በሰዓት 255 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ፣ ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ)፣ ፊውዝ፣ ማጣሪያ፣ ነዳጅ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ፣ የቱርቦው ግፊት ሲነሳ ብቻ ፓምፑን የሚያስነሳ ማብሪያ። ሙሉ ኪቱ፣ ማለትም የዕቃው ስብስብ፣ 38,000 ብር። ዕቃው ሳልባትዮ (የነዳጅ ታንክ) ውስጥ ያለውን የድሮ ፓምፕ አይተካም። ከእሱ ኋላ ተቀጥሎ ያግዘዋል።

አሁን ቁጭ ብዬ ሳሰላው ያስቀኛል። 218 ጉልበት ያለው ቱርቦ ሞተር ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ የሚበላው በሰዓት ከ70 እስከ 80 ሊትር ገደማ ነው። ይህን ደግሞ የፋብሪካው ፓምፕ ጤነኛ ከሆነ ይችለዋል። እኔ ለአንድ ጀበና ቡና የውሃ ቦቴ አዝዣለሁ ማለት ነው።

ገጠማው ሁለት ቀን ፈጀ። ወረቀቱ «ከሳልባትዮው አጠገብ፣ ዝቅ ብሎ ይታሰር» ይላል። መካኒኩ «በታች ካሰርኩት የመጀመሪያው ፍጥነት መቀነሻ ይወስደዋል» ብሎ ኋላ ኮፈን ውስጥ ከፍ አድርጎ አሰረው። የግፊት ማብሪያውን ደግሞ ጭራሽ ከካርቶኑ አላወጣውም። «ምን ያደርጋል? ቁልፍ ሲዞር አብሮ ይነሳ።» እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።

የመጀመሪያውን ሳምንት ደስታዬን አልክድም። እንጦጦን ሳትሳል ወጣች። ድምፁን ያን ጊዜም ሰምቼዋለሁ፤ የኃይል ድምፅ መስሎኝ ነበር እንጂ።

ከዚያ ጩኸቱ እያደገ መጣ። ይልቁንም አርብ ማታ፣ ከሜክሲኮ ወደ አራት ኪሎ መንገዱ ሲዘጋ። የማደያ ሰልፍ ፈርቼ ነዳጁን ከሩብ በታች ካወረድኩትማ አይጣል ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ወራት ፈጀብኝ። እንዲህ ዓይነቱ ፓምፕ ሲገፋ ጎበዝ ነው፣ ሲስብ ግን ሰነፍ። ከፊቱ ያለው ፓምፕ በበቂ ካላቀበለው በመካከላቸው ያለው ግፊት ይወርዳል። ግፊት ሲወርድ ደግሞ ቤንዚን ቶሎ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ሽንብራ የቀቀለ ሁሉ ያውቃል። ቤንዚኑም ያንኑ አየር ነው የሚተነፍሰው። በዚያ ላይ ሞተሩ ያልበላው ትርፍ ነዳጅ በሞተሩ ሙቀት ውስጥ ዞሮ ወደ ሳልባትዮው ይመለሳል። ሳልባትዮው ጎዶሎ ሲሆን ቶሎ ይሞቃል። ዊይ የሚለው እንግዲህ አረፋ እየዋጠ ነው።

ስለ በርበሬውም ልናገር፣ አልረሳውም። እናቴ ያስፈጨችውን የዓመት በርበሬ ኋላ ኮፈን ጭኜ አመጣሁ። አንዱ የቱቦ ማሰሪያ ላልቶ ኖሯል። ጠብታ እንኳ መሬት ላይ አልታየም፤ ሽታ ብቻ። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ወጥ ቀምሳ «ይሄ ወጥ ስንት ሊትር ነው?» አለችኝ። ማሰሪያውን በዚያው ቀን አስቀየርኩ። በርበሬውን የሚቀይርልኝ ግን አልተገኘም።

ሻጩ አሁን ቢሰማኝ የሚለውን አውቀዋለሁ። «ወንድሜ፣ ዕቃው እኮ ኦሪጅናል ነው።» ነው። አይደለም አላልኩም። «የገጠመው ሰው ነው ያጠፋው።» ግማሹን እሺ። ግን ሰው ራሴን አመመኝ ብሎ ፋርማሲ ሲገባ እንኳ ከመቼ ጀምሮ ተብሎ ይጠየቃል። አንተ የጠየቅከኝ በካሽ ነው በሞባይል የሚለውን ብቻ ነው።

ጉዳዩን የፈታው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያገኘሁት ልጅ እግር ኤሌክትሪሻን ነው። የሄድኩት ያን የተረሳ የግፊት ማብሪያ እንዲያስርልኝ ነበር። እሱ ግን ቴስተሩን ይዞ ሞተሩ እየሰራ ወደ ድሮው ፓምፕ ሄደ።

«ጋሼ፣ ባትሪው ላይ 13.9 ቮልት አለ። እዚህ ጋ 10.8 ነው የሚደርሰው።»

«እና?»

«እቤት መብራት ሲደክም ፍሪጁ እንዴት እንደሚያቃስት ያውቃሉ አይደል? ይሄም እያቃሰተ ነው።»

ያረጀ ቀጭን ሽቦ፣ የዛገ ማገናኛ። በቃ፣ ይኸው ነው። ወፍራም ሽቦ በፊውዝና በሪሌ አድርጎ ከባትሪ በቀጥታ አመጣለት። እጁንም ዕቃውንም ጨምሮ 2,400 ብር። ከቡና ጋር ሁለት ሰዓት አልሞላም።

የአዲሱን ፓምፕ ፊውዝ ነቅዬ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። ኪቱ የጎን ማለፊያ ስላለው ፓምፑ ቢቆምም ነዳጁ በቫልቩ በኩል ያልፋል። ሦስተኛ ማርሽ። 5,000። 6,000። ሳል የለም፣ ጩኸት የለም። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ይልቅ 38,000 ብሬን እያሰብኩ አናደደኝ።

በማግስቱ ፊውዙን መልሼ ሰካሁት፤ እልህ ነው። ጩኸቱ በግማሽ ወርዷል! የፊተኛው ፓምፕ በደንብ ማቀበል ሲጀምር ኋለኛው አረፋ መዋጡን ቀንሷል። ጥፋቱ የሽቦው ሆኖ ሳለ ዘጠኝ ወር የሰደብኩት ፓምፑን ነው ማለት ነው። ግማሽ ይቅርታ ይገባዋል። ሙሉውን አልሰጥም፤ በርበሬው አለ።

ትልቅ ቱርቦና ትልቅ ኢንጀክተር (ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጨውን) ላስገባ ሰው ኪቱ ከንቱ ዕቃ አይደለም። የግፊት ማብሪያውን ግን ከካርቶኑ አስወጡት፤ ፓምፑም ቀን ከሌት አይሩጥ። እንደኔ የፋብሪካ ጉልበት ይዞ ዳገት ላይ የምትስል መኪና ያለው ደግሞ ኪሱን ከመክፈቱ በፊት ሞተሩን አስነስቶ ፓምፑ ጋ ያለውን ቮልት ያስለካ። ይህን የሚነግራችሁ ሻጭ ካገኛችሁ እኔንም አስተዋውቁኝ።

ዛሬ ፊውዙ ሲጋራ መተርኮሻው ውስጥ ከሳንቲም ጋር ተቀምጧል። ጠዋት ቢሮ አጠገብ ሳቆም የፓርኪንጉ ልጅ ቲኬቱን ይዞ መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አያት።

«ጋሼ፣ ዛሬ ምነው ዝም አለች? አሟታል እንዴ?»