ያልተገራ ፈረስ ለገዛ ሰው፦ ልጓም፣ ሰፊ ማሰሪያ ወይስ ቋጠሮ ገመድ?

ያልተገራ ፈረስ የገዛ ሰው ገበያ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ልጓም ነው። ኮርቻው፣ ግላሱ፣ እርካቡ ይከተላል። ፈረሱ ገና 1 ወይም 2 ዓመቱ ከሆነ ግን የዚህ ሁሉ ጊዜው አልደረሰም። አሁን የሚያስፈልገው ሰው ሳይወጣበት፣ ከጎኑ ተቁሞ የሚማርበት የራስ ማሰሪያ ነው። ሲሉት መቆም፣ ሲሉት መራመድ፣ ወደ ኋላ መሄድ፣ ዳሌውን ገለል ማድረግ። ጎንደር ላይ ለዚህ ሦስት ምርጫ አለ፦ ባለ ብረት ልጓም፣ ከጠፍር ወይም ከናይሎን ጥብጣብ የተሰፋ ሰፊ ማሰሪያ፣ እና ከቀጭን ገመድ በቋጠሮ የሚሠራ ማሰሪያ።

ይህ በእጅ እየሳቡ ማስተማር ደንበኛ ውድድር የሆነበት አገር አለ። አሜሪካ ውስጥ ድንክዬ ፈረስ የሚያረቡ ሰዎች አሉ፤ አንደኛው ማኅበራቸው ቁመቱ ከ34 ኢንች፣ ማለትም ከ86 ሳንቲ ሜትር ገደማ የበለጠውን አይቀበልም። ትልቅ ሰው አይጋልበውም። ስለዚህ ባለቤቱ ከጎኑ እየሄደ ድልድይ ያሻግረዋል፣ በእንጨቶች መሃል ያሳልፈዋል፣ ከጠባብ መተላለፊያ ወደ ኋላ ያስወጣዋል። ለእኛ የደጋ ፈረስም ትምህርቱ ያው ነው፤ እንዲያውም ፈተናው እኛ ጋ ይብሳል። ባጃጅ ጡሩምባውን እየነፋ በጎኑ ሲያልፍ፣ የጥምቀት ዕለት ሕዝቡ እልል ሲል፣ ደባርቅ አካባቢ ጭነት ተሸክሞ ጠባብ ድልድይ ሲገጥመው፣ የሰውን ቃል ሰምቶ የሚቆም ፈረስ ነው የሚፈለገው። አፄ ፋሲል ለፈረሳቸው ለዞብል መቃብር አሠሩለት በሚባልበት ከተማ ደግሞ የፈረስን አፍ እየቦጨቁ ማስተማር ትንሽ ያሳፍራል።

ልጓሙን ቶሎ ልጨርሰው። ብረቱ የሚያርፈው ምላሱና ጥርስ የሌለበት ድዱ ላይ ነው። ከ2 ዓመት ተኩል ጀምሮ የፊት የወተት ጥርሶቹ መርገፍ ይጀምራሉ፤ ከመንጋጋዎቹም የሚለወጡ አሉ። አፉ ሲያመው ብረቱን ይሸሻል፣ ራሱን ወደ ላይ ይወረውራል፣ እኛም «አመለኛ ነው» እንላለን። ሻጩ «በቅናሽ አብረህ ውሰደው» ቢልም ለዘንድሮ ይቅር።

ሰፊው ማሰሪያ ለፈረሱ ይመቻል። ግፊቱ ፊቱ ላይ ተሰራጭቶ ስለሚያርፍ አይቆርጠውም፣ አይልጠውም። ችግሩም ከዚሁ ይመጣል፤ ሲመቸው ይደገፍበታል። እናንተ ትስባላችሁ፣ እሱም ይስባል፣ በጉልበት ደግሞ ማን እንደሚያሸንፍ የታወቀ ነው። ከሁለቱ ጠፍሩን እመርጣለሁ። ፈረሱ ታስሮ ሳለ ደንብሮ ወደ ኋላ ሲወረወር ጠፍር መጨረሻ ላይ ይበጠሳል፤ ናይሎን እሺ አይልም፣ አንገቱን ይጎዳዋል። ጠፍር ግን ሥራ ይፈልጋል። የክረምት ዝናብ ካረሰው በኋላ ይደርቅና እንጨት ይሆናል፤ ቅባት እየቀቡ ማለስለስ የባለቤቱ ፈንታ ነው። ስትገዙ ቀለበቶቹ የገቡበትን ቦታ በሁለት እጅ ወጥራችሁ እዩት። ስፌቱ ክፍት ካለ፣ ቆዳው የቱንም ያህል ቢያምር ተዉት።

ለማስተማር ግን የኔ ምርጫ ቋጠሮ ገመዱ ነው። ቀጭን ስለሆነ ትንሽ ስትስቡት ፈረሱ ወዲያው ይሰማዋል፤ ስትለቁት ደግሞ ወዲያው ይረግብለታል። ፈረስ የሚማረው ከመሳቡ ሳይሆን ከመለቀቁ ነው። ወደ ኋላ ስታስተምሩት እግሩን እስኪያነሳ አትጠብቁ። ደረቱን አስተውሉ፤ መጀመሪያ ክብደቱ ብቻ ወደ ኋላ ያዘነብላል። እዚያችው ላይ ገመዱን ልቀቁለት። ጆሮውን ያላላል፣ ከንፈሩን ያላምጣል። ቀጥሎ አንድ እርምጃ ጠይቁት። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ለወጣት ፈረስ መሰላቸት ነው።

ይህን ማሰሪያ ገመድ ገዝቶ ራስ መሥራት ይቻላል። ለአንድ ፈረስ 7 ሜትር ያህል ይበቃል። ቃጫው ርካሽ ነው፤ ግን ቆዳውን ያሳክከዋል፣ ውኃም ይጠጣል። ውፍረቱ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ጠበቅ ብሎ የተገመደ ናይሎን ይሻላል። አፍንጫው ላይ የሚያርፈው ክፍል ከጉንጭ አጥንቱ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ይበል። ከዚያ ወርዶ ለስላሳው ቦታ ላይ ካረፈ መተንፈሻውን ይጫነዋል። አስተሳሰሩንም ልብ በሉ። ከጆሮው ኋላ የዞረው ጫፍ በጉንጩ በኩል ባለው ቀለበት ውስጥ ይገባና ከቀለበቱ በታች ይቋጠራል። የተረፈው ጭራ ወደ አንገቱ ይመለከታል። ወደ ፊት ከዞረ ዓይኑን ይወጋዋል።

አንድ ትልቅ ጉድለት አለው፤ አይበጠስም። በዚህ ማሰሪያ ፈረስን ከግንድ ጋር አስሮ ሻይ ለመጠጣት መሄድ አይሆንም። አቅም ያለው ሰው ጠፍሩንም ገመዱንም ይግዛ፤ በአንዱ ይሰር፣ በሌላው ያስተምር።

መሳቢያው 3 ሜትር ተኩል ግድም ይሁን። ለጭነት የሚያገለግለው መጫኛ ቤት ካለ ለጊዜው ይሠራል፤ ግን ይረዝማል፣ ትርፉ እግር ላይ ይጠመጠማል። ትርፉን በእጃችሁ ላይ አትጠቅልሉት፤ እያጠፋችሁ በመዳፋችሁ ያዙት። ፈረሱ በድንገት ከሮጠ የተጠቀለለ ገመድ ጣት ይዞ ይሄዳል። አለንጋም አትግዙ። ዳሌውን ነካ ለማድረግ አንድ ቀጭን ልምጭ ይበቃል።

ለመሰናክሉማ ብር ማውጣት አያስፈልግም። አራት አጣና በማዕዘን ዘርግታችሁ ወደ ኋላ የሚወጣበት መንገድ ሥሩለት። አሮጌ ሳንቃ ድልድይ ይሆናል። የማዳበሪያ ጆንያ መሬት ላይ ዘርግታችሁ አሽትቶት እስኪረግጠው ታገሡት። ማስዘለሉ ግን ይቆይ፤ ከ3 ዓመት በፊት አጥንቱ ገና ነው።

አንድ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ጠፍሩን ይግዛ፤ ትምህርቱ ትንሽ ይዘገያል እንጂ ለሁለቱም ያገለግላል። ናይሎኑን ቀድሞ የገዛም አይጣለው። ግንዱ ላይ በቀጭን የቃጫ ሲባጎ ቀለበት ይሥራና መሳቢያውን እዚያ ላይ ይሰር። ሲደነግጥ የሚበጠሰው ሲባጎው ይሆናል።