የድሮ ቤት ላላችሁ፦ እኚህን የቧንቧ ባለሙያ ጥሩ

ስድስት ኪሎ አካባቢ ያለው የእናቴ ቤት የውሃ ችግር ከብዙ ወራት ጭንቅ በኋላ ተፈታ። ለዚህ ያበቁንን ባለሙያ በአደባባይ ሳላመሰግን ማለፍ አልፈለግሁም፤ የእኛን የመሰለ ቤት ይዛችሁ የምትቸገሩም ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ እንዳልለጥፍ ስለጠየቁኝ አልለጥፍም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። እኛ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ እዚህም ጋሼ ብዬ ልቀጥል።

ቤቱ በጃንሆይ ጊዜ፣ ገና የለገዳዲ ግድብ ሳይሠራ የተሠራ የድንጋይ ቤት ነው። ቧንቧው የብረት ነው፣ አብዛኛውም ግድግዳ ውስጥ ተቀብሯል። ከዚያ ወዲህ በየዘመኑ ሲጨማመርበት ኖሯል። ግቢ ውስጥ የነበረው ሽንት ቤት ወደ ቤት ገባ፣ ሰርቪስ ቤቶቹ ተጨመሩ፣ ውሃ በፈረቃ መምጣት ሲጀምር ሮቶ ተተከለ፣ ቦይለርም ተገጠመ። እያንዳንዱ ሠራተኛ በፊት ያለውን መስመር እየቀጠለ ሄደ እንጂ የሳለ ወይም የጻፈ የለም። የት ምን እንደተቀበረ የሚያውቁት አባቴ ነበሩ፤ እሳቸውም ነፍሳቸውን ይማር።

ችግራችን ሻወሩ ላይ ውሃው እየቀጠነ መምጣቱ፣ የውሃ ቢሉ ደግሞ ያለምክንያት ማደጉ ነበር። የእማዬ መኝታ ቤት ግድግዳ ከታች እየራሰ ልስኑ መነሳት ጀመረ። መጀመሪያ የመጣው ሠራተኛ «ግፊት አንሶት ነው» ብሎ ትልቅ ፓምፕ ገጠመልን። ሻወሩ ለጊዜው ደህና ሆነ፣ እርጥበቱ ግን ኮሪደሩ ድረስ ተስፋፋ። ሌላው መጥቶ የመታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ በሙሉ ይነሳ፣ ግድግዳውም ይፈልፈል አለን። የድሮ ድንጋይ ግድግዳ ላይ መሮና መዶሻ ማሳረፍ ምን ማለት እንደሆነ የድሮ ቤት ያላችሁ ታውቁታላችሁ። በጭቃና በኖራ የተያያዘ ድንጋይ አንዱ ሲነቃነቅ ጎረቤቱም ይነቃነቃል።

ጋሼ ሲመጡ የመሣሪያ ሳጥናቸውን እንኳ አልከፈቱም። በቀጥታ ቆጣሪው ጋ ሄደው ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ አዘጉን፣ ሮቶው ሞልቶ መዝጋቱንም አረጋገጡ። ከዚያ ቁጢጥ ብለው ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሽ ቀይ ምልክት ትክ ብለው ተመለከቱ። አልተንቀሳቀሰችም። «ከቆጣሪ እስከ ሮቶ ያለው ጤነኛ ነው፤ የሚፈሰው ከሮቶ ወዲህ ነው» አሉ። ማታ ፓምፑን ከሶኬት አስነቅለው፣ ረዘም ያለ እንጨት ሮቶው ውስጥ አስገብተው ውሃው የደረሰበትን በቢላ ምልክት አደረጉ። በማግስቱ ጠዋት ውሃው ወርዶ ነበር። በሚቀጥለው ማታ ወደ ቦይለሩ የሚሄደውን ሳራቺኔስካ (የውሃ መዝጊያ) ብቻ ዘግተው ደገሙት፤ ያን ጊዜ ውሃው ባለበት አደረ። አንድ ሴራሚክ ሳይነሳ፣ አንድ ድንጋይ ሳይነካ የሚያፈሰው የሙቅ ውሃው መስመር መሆኑ ታወቀ። የብረት ቧንቧን ከዝገት የሚጠብቀው የዚንክ ሽፋኑ እንደሆነና ሙቅ ውሃ ሽፋኑን ቶሎ እንደሚበላው፣ በዚህ የተነሳም በድሮ ቤት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሸነፈው የሙቁ መስመር እንደሆነ አስረዱን። ትልቁ ፓምፕ ደግሞ የሳሳውን ቧንቧ እየገፋ አባሰው።

የሻወሩ ነገር ግን ሌላ ምክንያት ነበረው። ጋሼ ከቀዝቃዛው መስመር ኮርኒስ ስር ከሚታየው ላይ አንድ ክንድ የሚያህል ቆርጠው አወጡና በእጄ ሰጡኝ። «ተመልከች ልጄ፣ ውሃው የሚያልፈው በዚህ ነው» አሉኝ። ከውጭ ምንም የማይል የግማሽ ኢንች ቧንቧ ነው። ውስጡ ግን ቡናማ ዝገት ዙሪያውን ጋግሮ፣ ቀዳዳው እርሳስ እንኳ የማያሳልፍ ሆኗል። በጣቴ ስነካው እንደ ቅርፊት ተፈረፈረ። በፈረቃው ውሃ ሄዶ ሲመለስ ጠዋት ጠዋት ቀይ ውሃ የምናየውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው ብለውኛል፤ ባዶ የቆየው መስመር ላይ ውሃው በኃይል ሲገባ ዝገቱን ጠርጎ ያመጣዋል። ደግሞ ሮቶ በ10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት አንድ ባር ያህል ብቻ ነው፣ የእኛ ሮቶ ያለበት ማማ ደግሞ 3 ሜትር ቢሆን ነው። ያቺ ትንሽ ግፊት እርሳስ በማያሳልፍ ቀዳዳ ውስጥ ስትሄድ ምን ሊተርፋት ይችላል?

ሥራው ላይ በጣም የወደድኩት አሮጌውን ቧንቧ ከግድግዳ ፈልፍሎ ለማውጣት አለመሞከራቸው ነው። ባለበት ዘግተው ተዉት። አዲሱን የፒፒአር (በሙቀት የሚበየድ የፕላስቲክ ቧንቧ) መስመር በኮርኒሱ ውስጥ አሳልፈው፣ በየክፍሉ በጥግ በጥግ አወረዱት። ከሮቶ የሚነሳው ባለ 32 ሚሊ ሜትር፣ ወደ ክፍሎቹ የሚገባው 25፣ እያንዳንዱ ቧንቧ ጋ የሚደርሰው 20 ሆነ። ፀሐይ ፒፒአርን ስለሚጎዳው ውጭ የቀረውን ሁሉ ሸፈኑት። ሲበይዱ ቆሜ አይቻለሁ። ማሽኑ 260 ዲግሪ እስኪደርስ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ባለ 20ው ሲገባ ድምፅ አውጥተው እስከ አምስት ይቆጥራሉ፣ ባለ 25ቱ ሲሆን እስከ ሰባት። ረዳታቸው አንዴ ዝም ብሎ ሲያቆየው «ቁጠር እንጂ፣ ሲበዛ ቀልጦ ውስጡን ይደፍነዋል፤ ያንን ደግሞ ማንም አያየውም» ብለው ያን ቁራጭ አስጣሉት። ዕቃው የተገዛው በእኛ ገንዘብ ስለነበር ዋጋውን ከራሳቸው ቀነሱ። መጨረሻ ላይ መስመሩን ሁሉ በእጅ ፓምፕ በግፊት ሞልተው፣ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ንቅንቅ አለማለቱን እኔና እማዬ ቆመን እንድናይ አደረጉ። ትልቁ ፓምፕ ወጥቶ ለሻወሩ ትንሽ ፓምፕ በቃው።

አንድ ነገር ደግሞ የድሮ ቤት ያላችሁ ሁሉ ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ። አሮጌውን ብረት ከቆጣሪው አጠገብ ሊቆርጡ ሲሉ በላዩ የተጠመጠመ ሽቦ አዩና ሥራውን አቆሙ። የቤቱ መብራት የመሬት ሽቦ የታሰረው እዚያ ቧንቧ ላይ ኖሯል። የድሮ ቤቶች ላይ እንዲህ ይደረግ ነበር። ብረቱ በፕላስቲክ ሲተካ ሽቦው ከመሬት ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል፣ ቦይለሩ ኤሌክትሪክ ቢያፈስ ደግሞ ሰው ላይ ነው የሚያርፈው። «ይህ የእኔ ሙያ አይደለም፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሩና የመሬት ሽቦውን አዲስ ይትከልላችሁ፣ ከዚያ ደውሉልኝ» ብለው ሄዱ። የዚያን ቀን ሥራ ቀረባቸው። ቆርጠው ቢቀጥሉ እኛ ምንም አናውቅም ነበር። እማዬ አሁንም ስማቸው በተነሳ ቁጥር እድሜ ይስጣቸው የምትለው በዚህ የተነሳ ነው፤ እኔም እንደሷ።

የመታጠቢያ ቤቱን ሽታ በተመለከተ አጭር ነው። ሁለተኛው ሽንት ቤት ብዙ ስለማይሠራበት የወለሉ ሲፎን ውስጥ ያለው ውሃ ደርቆ የሴፕቲኩ ሽታ በዚያ ይወጣ ነበር። በሳምንት አንዴ አንድ ጆግ ውሃ አፍስሱበት አሉ፣ አለቀ። ለዚህ ምንም አላስከፈሉም። ግቢ ውስጥ ያለው የሸክላ ፍሳሽ መስመር ላይ ግን የዛፉ ሥር በመጋጠሚያው መግባት ጀምሯል። ማንሆሉን ከፍተው አሳይተውናል። አሁን አስቸኳይ እንዳልሆነና ገንዘብ ሲኖረን ከክረምት በፊት ብናሠራው እንደሚሻል ነግረውን ትተውታል።

ስለ ክፍያ ትጠይቁኛላችሁና፣ የእጅ ዋጋቸው ከርካሾቹ አይደለም። ነገር ግን የእጁንና የዕቃውን ለይተው አስቀድመው በወረቀት ጽፈው ይሰጣሉ፣ ከመርካቶ የገዙበትን ደረሰኝ ያመጣሉ፣ የተረፈውን የቧንቧ ማገጣጠሚያ፣ ጎሚቶና ኒፕል ሳይቀር ቆጥረው ይመልሳሉ። ከአንድ ረዳት ጋር ብቻ ስለሚሠሩ ወረፋቸው ረጅም ነው፣ እኛም ጠብቀናል። ቤቱ እያፈሰሰ መጠበቅ ለሚያስጨንቃችሁ፣ እሳቸው እስኪመጡ ማታ ማታ ዋናውን ሳራቺኔስካ ዝጉት።

ከመደወላችሁ በፊት ቆጣሪው ያለበትን ጉድጓድ አጽዱ፣ ኮርኒስ ላይ መውጫ ካለም ክፈቱላቸው፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው። ቤቱ ውስጥ የቆየ ሰው ካለም እንዲገኝ አድርጉ። እኛ ቤት ከእማዬ ጋር ሻይ እየጠጡ የትኛው ክፍል መቼ እንደተጨመረ ሲጠይቁ አመሹ፣ በማግስቱ የሳሉት የመስመር ካርታ አሁን የቆጣሪው ሳጥን ክዳን ላይ ተለጥፏል።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህንን እንደሚያነብልዎት ነግሮኛል። እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ጤናና ረጅም እድሜ ይስጥዎ።