የኮሌጅ ፉትቦል የዝውውር ፖርታል ሲገመገም፦ የበሰለ ተጫዋች በ15 ቀን

የአሜሪካ ፉትቦል የኮሌጅ ተጫዋቾች ትምህርት ቤት ለመቀየር ስማቸውን የሚያስገቡበት የዝውውር ፖርታል ከውጭ ሲያዩት ገበያ ይመስላል፤ ውስጡ ግን መዝገብ ነው። የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርቶች የሚመራው ኤንሲኤኤ ኦክቶበር 15 ቀን 2018 ሥራ ሲያስጀምረው (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ዋና ዓላማው የአሰልጣኞችን ክልከላ ማስቀረት ነበር። ከዚያ በፊት ተጫዋቹ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ጋር ለመነጋገር የራሱን ትምህርት ቤት ማስፈቀድ ነበረበት። አሰልጣኙም «እነዚህ ቡድኖች ጋ አትሄድም» ብሎ ዝርዝር ሊያወጣበት ይችል ነበር። አሁን ተጫዋቹ መልቀቅ እንደሚፈልግ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ ትምህርት ቤቱ በ2 የሥራ ቀናት ውስጥ ስሙን የማስገባት ግዴታ አለበት። ስሙ ከገባበት ደቂቃ ጀምሮ ማንም ሊያነጋግረው ይችላል።

መዝገቡን የሚከፍቱት የአባል ትምህርት ቤቶች ሠራተኞች ብቻ ናቸው። ሲከፍቱትም የሚያገኙት ስም፣ ስፖርት፣ የሚለቀው ትምህርት ቤት፣ መገናኛና ሁኔታው ነው፦ አሁንም እየፈለገ ነው፣ ሐሳቡን ቀይሮ ወጥቷል ወይም ሌላ ቦታ ተመዝግቧል። ቪዲዮም ሆነ ስታቲስቲክስ የለበትም። በየዜናው የምናየው የኮከብ ደረጃ የግል ድረ ገጾች ሥራ ነው። ተጫዋቹ ከፈለገ «አታነጋግሩኝ» የሚል ምልክት ከስሙ ጎን ማስደረግ ይችላል። ይህ ምልክት ስሙ በገባበት ዕለት ከታየ ንግግሩ ቀድሞ አልቋል ማለት ነው። መስኮቱ፣ ማለትም ስም የሚገባበት ጊዜ፣ ሳይከፈት በወኪልና በወዳጅ በኩል መደራደርን ደንቡ ቢከለክልም ማስከበር ግን አልተቻለም። የአገልግሎቱ ትልቁ ነውር ይህ ነው።

መዝገብ የነበረው ነገር ወደ ገበያ የተለወጠው በሦስት እርምጃ ነው። በአፕሪል 2021 የፉትቦል ተጫዋቾች ለመጀመሪያ ዝውውራቸው አንድ ዓመት መቀመጥ ቀረላቸው። በዚያው ዓመት ጁላይ 1 በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቀደላቸው። በአፕሪል 2024 ደግሞ፣ የፍርድ ቤት እገዳ ካስገደደ በኋላ፣ የዝውውር ቁጥር ገደቡ ተነሣ። ተጫዋቹ በጥሩ የትምህርት ደረጃ ከለቀቀና በአዲሱ ትምህርት ቤት ወደ ዲግሪው የሚያስኬደውን መስፈርት ካሟላ በየዓመቱ ቢዘዋወርም ወዲያው ይሰለፋል። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ተጫዋቾች በኤንሲኤኤ ላይ ባቀረቡት የሐውስ ክስ ስምምነት መሠረት ትምህርት ቤቶች ራሳቸው ለተጫዋቾች ይከፍላሉ። የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ለሁሉም ስፖርቶች ተደምሮ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን በትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች የአንበሳውን ድርሻ የሚወስደው ፉትቦል ነው።

የመስኮቱን ጊዜ በተመለከተ የቅርቡ ለውጥ ጥሩ ነው። በ2024-25 ሁለት መስኮቶች ነበሩ፦ ከዲሴምበር 9 እስከ 28 እና ከአፕሪል 16 እስከ 25። ለ2026 የአፕሪሉ ቀርቶ ከጃንዋሪ 2 እስከ 16 ባለው አንድ መስኮት ተተክቷል። የፍጻሜው ተፋላሚዎች ጥቂት ተጨማሪ ቀናት ያገኛሉ፤ ዋና አሰልጣኝ የተቀየረበት ቡድን ተጫዋቾችም የራሳቸው መስኮት አላቸው። የጊዜ ገደቡ ለመግባት እንጂ ለመምረጥ አይደለም፤ ጃንዋሪ 16 ስሙ የገባ ተጫዋች ትምህርት ቤቱን ከዚያ በኋላም መወሰን ይችላል።

የአፕሪሉ መስኮት ይጎዳ የነበረው ተጫዋች የማብቃትን ሥራ ነው። ቡድኑ በፀደይ የሚፈቀዱለትን 15 ልምምዶች በአንድ ወጣት ላይ ካዋለ በኋላ ወጣቱ ሦስተኛ ተሰላፊ መሆኑን ሲያውቅ ይለቅ ነበር። አሰልጣኞች ይህን ስለሚያውቁ ልምምዱን የሚሰጡት ላይሄድ ለሚችለው፣ ማለትም ለነባሩ ነበር። አሁን በማርች ወር ያለው ስብስብ በኦገስትም ያው ነው ማለት ይቻላል። ጉዳቱ በፀደይ ልምምድ የመሐል ተከላካዩን ጉልበት ያጣ ቡድን ከገበያ መተካት አለመቻሉ ነው፤ ሁለተኛውን ልጅ ማዘጋጀት ግድ ይሆንበታል። ለዚህ ግምገማ ግን ይህ እንደ ጉድለት አይቆጠርም።

የአንድ መስኮቱ ቀሪ ችግር ቅደም ተከተሉ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በዲሴምበር መጀመሪያ ይፈርማሉ፤ በ2025 ከዲሴምበር 3 እስከ 5 ነበር። ፖርታሉ የሚከፈተው ከአንድ ወር በኋላ ነው። ስለዚህ የ17 ዓመቱ ወጣት ሲፈርም በእሱ ቦታ ማን ሊመጣ እንደሚችል አያውቅም፤ አሰልጣኙም ብዙ ጊዜ አያውቅም። ምልምሎችን ለትምህርት ቤቱ ያስር የነበረው ብሔራዊ የስምምነት ደብዳቤ በ2024 ከተሰረዘ ወዲህ የገንዘብ ድጋፍ ውሉ ላይ የሰፈረው ብቻ ነው የሚያስተማምነው። በዚያ ላይ መስኮቱ የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታዎች በሚካሄዱበት ሳምንት ክፍት ስለሆነ የአሸናፊ ቡድኖች አሰልጣኞች ቀን ለጨዋታ እየተዘጋጁ ማታ ስልክ ላይ ናቸው።

ማብቃት ለምን ጊዜ ይፈጃል? ሰዓቱ የተቆጠረ ስለሆነ ነው። በውድድር ዘመን ልምምድ፣ ስብሰባና ክብደት ማንሣት ተደምሮ በሳምንት 20 ሰዓት፣ በቀን ደግሞ ከ4 ሰዓት አይበልጥም። ከውድድር ውጭ በሳምንት 8 ሰዓት ነው። ከዚያችው ሰዓት አብዛኛውን ድግግሞሽ ቋሚ ተሰላፊዎች ይወስዱታል። አዲስ ገቢው አብዛኛውን ጊዜ የሚመደበው የሚቀጥለውን ተጋጣሚ በሚመስለው የልምምድ ቡድን ውስጥ ነው፤ ካርድ ላይ የተሣለለትን የሌላ ቡድን እንቅስቃሴ እያየ ይሮጣል። የራሱን ቡድን የጨዋታ ዕቅድ መጽሐፍ የሚማረው በስብሰባ ክፍልና በፀደይ ነው። እስከ 4 ጨዋታ ተሰልፎ ዓመቱን ሳያቃጥል የሚቆይበት የሬድሸርት ደንብ የተዘጋጀው ለዚህ ነው። ዛሬ ግን ያ የሬድሸርት ዓመት ሲያልቅ ወጣቱ ጃንዋሪ 2 ላይ ስሙን ለማስገባት ነፃ ነው፤ ያደገበት ዓመት ጥቅም ለሌላ ቡድን ይሄዳል።

ቦታዎቹ እኩል አይደሉም፤ ዝውውሩን በጅምላ የሚመዝን ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የጠርዝ አጥቂ ተከላካይ፣ ኮርነርባክ (ኳስ ተቀባዩን የሚጠብቅ ተከላካይ) እና ኳስ ተቀባይ በቶሎ ይላመዳሉ፤ ሥራቸው በአመዛኙ አንድ ለአንድ ስለሆነ ቪዲዮአቸው ያሳየው ችሎታ አብሯቸው ይመጣል። ኳርተርባኩን፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪውን፣ የሚከልሉት አምስት ተጫዋቾች ያሉበት የማጥቃት መስመር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ተከላካዮቹ በሩጫ መሐል ቦታ ሲቀያየሩ ሁለት የመስመር ተጫዋቾች ማን ማንን እንደሚረከብ በቅጽበት መስማማት አለባቸው፤ አምስቱም አንድ ቋንቋ መናገር አለባቸው። በጃንዋሪ ከአራት ትምህርት ቤት የተሰበሰቡ አራት ጎበዞች በሴፕቴምበር ኳርተርባካቸውን የሚያስመቱት ደካማ ሆነው ሳይሆን ርክክቡ ላይ ግማሽ ሰከንድ ስለሚዘገዩ ነው። ከሁለተኛ ደረጃ የመጣ የመስመር ተጫዋች በበኩሉ ክብደት ጨምሮ፣ የእግርና የእጅ ቴክኒኩን አስተካክሎ ለመሰለፍ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ማብቃትን የተወ ቡድን መጀመሪያ የሚጋለጠው በዚህ ቦታ ነው፤ ገበያውም ላይ ውድና ጥቂት የሆነው ይህ ነው።

አገልግሎቱን በሚገባ የተጠቀመበት ቡድን ይጠቀስ ከተባለ ኢንዲያና ነው። በ2023 በ3 ድልና በ9 ሽንፈት የጨረሰው ቡድን አሰልጣኝ ከርት ሲግኔቲን ከጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ አመጣ፤ አሰልጣኙ ከቀድሞ ቡድኑ 13 ተጫዋቾችን አስከትሎ መጣ። ሊንባከሩ (ከፊት መስመር ጀርባ የሚቆመው ተከላካይ) ኤይደን ፊሸር፣ ኮርነርባኩ ዲአንጄሎ ፖንድስና የጠርዝ ተከላካዩ ሚካይል ካማራ ከእነዚህ መካከል ናቸው። እነዚህ ልጆች በወረቀት አዲስ ገቢዎች ናቸው፤ በተግባር ግን በዚያው አሰልጣኝ እጅ፣ በዚያው አሠራር የበቁ ነባሮች ነበሩ። ቡድኑ በ2024 11 ጨዋታ አሸነፈ። በ2025 ካሊፎርኒያ በርክሌይ ውስጥ የበሰለው ኳርተርባክ ፈርናንዶ ሜንዶዛ ተጨመረበት፤ ሜንዶዛ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት የሆነውን ሃይስማንን ወሰደ፣ ቡድኑም በ16 ድልና ያለ ሽንፈት ጃንዋሪ 19 ቀን 2026 ማያሚን 27 ለ21 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። በሌላው ወገን የነበረው የማያሚ ኳርተርባክ ካርሰን ቤክም ከጆርጂያ የተዘዋወረ ነው፤ እዚያ ቋሚ ተሰላፊ ከመሆኑ በፊት ሦስት የውድድር ዘመን ተጠባባቂ ነበር። ሁለቱንም ኳርተርባኮች ያበሰላቸው ሌላ ትምህርት ቤት ነው። ፖርታሉ ብስለትን ከቦታ ቦታ ያዘዋውራል እንጂ አያመርትም፤ በሁሉም ትምህርት ቤት ማብሰል ከቆመ የሚዘዋወር ነገርም አይኖርም።

በተቃራኒው ፍሎሪዳ ስቴትን ማየት ነው። በ2023 ጆርዳን ትራቪስን፣ ጃሬድ ቨርስንና ኪዮን ኮልማንን በመሳሰሉ ተዘዋዋሪዎች ከጨዋታ ጨዋታ አሸንፎ እስከ ኮንፈረንሱ (የቡድኖች ምድብ) ዋንጫ በ13 ድልና ያለ ሽንፈት ደረሰ። እነሱ ሲሄዱ እንደገና ከገበያ ለመሙላት ሞከረ፤ የ2024 ውጤቱ 2 ድልና 10 ሽንፈት ሆነ። ችግሩ የአንድ ኳርተርባክ ብቻ አልነበረም። ከሥር ሁለትና ሦስት ዓመት የቆየ፣ ተራውን የሚጠብቅ ትውልድ ሲጠፋ አንድ የዝውውር ዙር ሲበላሽ የሚደግፈው የለም።

ፖርታሉን መናቅም ያስከፍላል። የክሌምሰኑ አሰልጣኝ ዳቦ ስዊኒ ለ2024 አንድም ተዘዋዋሪ ሳያመጣ የኮንፈረንሱን ዋንጫ ወሰደ፤ ለ2025 ጥቂት ብቻ ጨምሮ በአሶሺየትድ ፕሬስ ቅድመ ውድድር ደረጃ 4ኛ ሆኖ ቢጀምርም በ7 ድልና በ6 ሽንፈት ጨረሰ። የሻምፒዮኑ የ2024 ኦሃዮ ስቴት መንገድ ለብዙዎች የተሻለ ምሳሌ ነው፦ ጃክ ሶየር፣ ኤሜካ ኢግቡካና ትሬቪዮን ሄንደርሰን እዚያው ያደጉ፤ ዊል ሃዋርድ፣ ኬለብ ዳውንስና ኩዊንሾን ጀድኪንስ ደግሞ የታወቀ ቀዳዳ ላይ የገቡ።

የቁጥሩ ሒሳብ ምልምሎችን እየጎዳ ነው። በፊት በዓመት 25 አዲስ የስኮላርሺፕ ተጫዋች የሚል ጣሪያ ነበር፤ በ2022 ለጊዜው ተነሣ፣ በኋላም ጨርሶ ቀረ። በ2025 ደግሞ የ85 ስኮላርሺፕ ገደብ ቀርቶ ስብስቡ በ105 ሰው ተወሰነ። ከ105 ውስጥ በየዓመቱ 25 ተዘዋዋሪ የሚያስገባ አሰልጣኝ ለሁለተኛ ደረጃ ልጆች የሚቀረው ቦታ እየጠበበ ይሄዳል፤ ስኮላርሺፕ ሳይኖራቸው በጥረት ተጠግተው ያድጉ ለነበሩትም ዕድሉ ቀንሷል። ለ18 ዓመት ልጅ ይህ አገልግሎት መጥፎ ነው ማለት ይቻላል። ሁለት ሦስት ዓመት ተሰልፎ ለተሻለ ቦታ ለሚሄድ ተጫዋች ግን እጅግ ጥሩ ነው።

ለሚለቀው ተጫዋች የሚበላሹት ነገሮች ብዙ ጊዜ ከሜዳ ውጭ ናቸው። ስም መግባቱ እንደታወቀ የቀድሞው ትምህርት ቤት ከሚቀጥለው ሴሚስተር ጀምሮ ድጋፉን ሊያቋርጥ ይችላል፤ መመለስ ቢፈልግ እንኳ ቦታው ላይቆየው ይችላል። ስለዚህ ስም ከማስገባት በፊት የትምህርት መዝገቡ ቅጂ መዘጋጀት አለበት። አዲሱ ትምህርት ቤት «ክሬዲትህን ተቀብለናል» ሲል ጥያቄው ስንቱ ለዲግሪው ይቆጠራል የሚለው ነው፤ እንደ ምርጫ ኮርስ ብቻ የተመዘገበ ክሬዲት ወደ ዲግሪው ስለማያስኬድ በኦገስት ከሜዳ ሊያስቀር ይችላል። የምዝገባው ቀን በብዙ ትምህርት ቤቶች ጃንዋሪ አጋማሽ አካባቢ ስለሆነ፣ ጃንዋሪ 14 ስሙን ያስገባ ልጅ የፀደዩን 15 ልምምድ የማጣት ዕድሉ ሰፊ ነው። ገንዘቡ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ የሚከፈለው ነው ወይስ ከውጭ ስፖንሰር? ከ600 ዶላር በላይ የሆነ የውጭ ውል ለማጣሪያ መቅረብ አለበት፣ ሊከለከልም ይችላል፤ በቃል የተነገረ ቁጥር ውል አይደለም።

የጃንዋሪ ዝርዝር ሲወጣ ደጋፊ መጀመሪያ የሚያየው ኮከቡን ነው። ከዚያ ይልቅ ሁለት ቁጥሮችን ማየት ይጠቅማል፦ ተጫዋቹ በቋሚነት የጀመራቸውን ጨዋታዎችና ለመጫወት የቀሩትን ዓመታት። ጆ በሮው ፖርታሉ ከመከፈቱ ከጥቂት ወራት በፊት ከኦሃዮ ስቴት ወደ ኤልኤስዩ (ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) ሲሄድ ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር። በመጀመሪያው፣ በ2018፣ 16 የተችዳውን (ሙሉ ጎል የሚያስቆጥር) ኳስ ወረወረ፤ በሁለተኛው 60። የቀረው አንድ ዓመት ብቻ ቢሆን ኖሮ ኤልኤስዩ የሚያገኘው 16ቱን ብቻ ነበር። ስለዚህ ተመጣጣኝ ችሎታ ካላቸው ሁለት ኳርተርባኮች አንዱ 1፣ ሌላው 2 ዓመት ከቀራቸው፣ ለሁለተኛው ብዙ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ውድ አይደለም።